ቀዳዳው ይጥበብ ወይስ ይስፋ? ስለ ጋዝ ተርባይን ማቃጠያ የተከፈተ ክር

የመክፈቻ ጽሑፍ

ሰላም ወገኖቼ። ዛሬ የማነሳው ጥያቄ ለብዙ ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። እኔን ግን ለዓመታት ሲከነክነኝ ኖሯል።

የምሠራው የአውሮፕላን ሞተር ጥገና ላይ ነው። አንድ ቀን ቦሮስኮፕ፣ ማለትም በቀጭን ቱቦ ጫፍ ያለ ካሜራ፣ አስገብቼ የሞተሩን ትኩስ ክፍል እያየሁ ነበር። ከማቃጠያው ቀጥሎ ያሉት የመጀመሪያዎቹ የተርባይን ቫኖች፣ ማለትም ጋዙን አቅጣጫ የሚያስይዙት የማይሽከረከሩ ክንፎች፣ ተራ በተራ በስክሪኑ ላይ አለፉ። ደህና፣ ደህና፣ አሁንም ደህና። ከዚያ ሁለት ቫኖች መጡ። ጠርዛቸው ተበልቷል፣ ሽፋናቸው ተልጧል። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ እንደገና ደህና ነው። ሙቀቱ ለሁሉም እኩል ደርሶ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱም እኩል ይሆን ነበር።

ነገሩን ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ኬሮሲን ማቃጠያው ውስጥ ሲነድ ጋዙ ከ1800 እስከ 2000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ቫኖቹ የሚሠሩበት የኒኬል ቅይጥ ግን ገና 1350 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። መዳኛው አየር ነው። 1 ኪሎ ኬሮሲን ለማቃጠል 15 ኪሎ ገደማ አየር ይበቃል። በማቃጠያው በኩል የሚያልፈው አየር ግን ለአንድ ኪሎ ነዳጅ ከ40 ኪሎ በላይ ነው። ትርፉ አየር ከላይነሩ ውጭ፣ ማለትም እሳቱን ከያዘው ስስ ብረት ውጭ፣ ይሄድና በቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ይገባል። ፊት ያሉት ቀዳዳዎች እሳቱን ይመግባሉ። መጨረሻ ላይ ያሉት ትልልቆቹ ሥራቸው ማብረድ ነው። እኛ ዳይሉሽን ነው የምንላቸው። እዚህ ግን ማብረጃ ቀዳዳ እላቸዋለሁ።

ከማብረጃ ቀዳዳው አየሩ እንደ ጄት ከጎን ይገባል። ትኩሱ ጋዝ ደግሞ መንገዱን አቋርጦ ያልፋል። ሁለቱ ለመደባለቅ ያላቸው ርቀት አንድ ስንዝር እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሳይዋሃዱ ካለፉ የጋለው ጅረት ቀጥ ብሎ ቫን ላይ ያርፋል።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ቀዳዳዎቹን ጠበብ አድርገን ቁጥራቸውን ብናበዛ አየሩ በኃይል ይገባል። የውሃ ጎማ አፉን በአውራ ጣት ስንይዘው ውሃው ርቆ እንደሚሄደው ማለት ነው። ጄቱ ጠልቆ በገባ መጠን ደግሞ የተሻለ ይደባለቃል። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

መልሶቹ

መልሶቹ ረዘም ስላሉ እዚህ በራሴ አነጋገር፣ በተራ ቁጥራቸው አስቀምጫቸዋለሁ።

መልስ 1 ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ፣ በጋዝ ኃይል ማመንጫ ከሚሠራ ወንድም የመጣ ነው። በሐሳቤ ተስማማ። እነሱ ዘንድ ከተርባይኑ መውጫ ዙሪያ የሙቀት መለኪያዎች በቀለበት ተደርድረዋል። በመለኪያዎቹ መካከል ልዩነቱ ሲሰፋ አንዱ ማቃጠያ እንደታመመ ይገባቸዋል። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀኝ። ጋዙ በተርባይኑ ውስጥ እየተጠማዘዘ ስለሚያልፍ፣ መውጫው ላይ የጋለው ነጥብ ከታመመው ማቃጠያ ትይዩ አይደለም። ጥማዘዛውም እንደ ጭነቱ ይለያያል።

መልስ 2 የአውራ ጣቱን ምሳሌ ጣለው። በትህትና ነው የጻፈው፤ ግን አልማረኝም። የቧንቧ ውሃ ጎማው ውስጥ ሲሄድ ግፊቱን በመንገድ ላይ ያጣል። አፉን ስንይዘው ፍሰቱ ይቀንስና ግፊቱ ጫፉ ላይ ይጠራቀማል። ላይነሩ ግን እንዲህ አይደለም። በውጩ በኩል ያለው አየር እንደ ሙሉ ጋን ነው። የጄቱን ፍጥነት የሚወስነው ከላይነሩ ውጭና ውስጥ ያለው የግፊት ልዩነት ብቻ ነው። ልዩነቱ አየሩን አምቆ ከሚያቀብለው ከኮምፕሬሰሩ ግፊት 3 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ጠባብ ቀዳዳም ሰፊ ቀዳዳም አየሩን በተመሳሳይ ፍጥነት ይተፋሉ። ጠባቡ ግን ቀጭን ጄት ይሰጣል። ቀጭን ጄት ደግሞ ቶሎ ይታጠፋል። በአጭሩ፣ እኔ ያሰብኩት መፍትሔ ጄቱን የሚያጠልቀው ሳይሆን የሚያሳጥረው ነው።

ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። በመልስ 3 አመሰገንኩና ታዲያ ጥልቀቱን የሚወስነው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ።

መልስ 4 በምሳሌ ጀመረ። ነፋስ ባለበት ቀን ከጭስ ማውጫ የሚወጣ ጭስ መጀመሪያ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ይጎብጣል፣ በመጨረሻ ከነፋሱ ጋር ይተኛል። ጄቱም እንዲሁ ነው። ምን ያህል እንደሚዘልቅ ለማወቅ ሁለት ነገር ይነጻጸራል። በአንድ ወገን የጄቱ እፍጋት በፍጥነቱ ስኩዌር ተባዝቶ፣ በሌላው ወገን የጋዙ እፍጋት በፍጥነቱ ስኩዌር ተባዝቶ። አንዱን ለሌላው ስናካፍል የሚገኘውን ቁጥር መሐንዲሶች ጄ ይሉታል። አንድ ብቻውን የሆነ ጄት የሚደርስበት ጥልቀት በግምት የቀዳዳው ስፋት ሲባዛ በጄ ስኩዌር ሩት ሲባዛ በ1.15 ነው። ጄ 25 ቢሆን ባለ 1 ሴንቲሜትር ቀዳዳ 5.75 ሴንቲሜትር ያስገባል። ቀዳዳውን በግማሽ ስናጠበው ጥልቀቱም በግማሽ ይወርዳል።

እዚሁ ላይ ልብ ያላልኩትን ነገር ጨመረ። ፍጥነትን ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። ጄቱ በ800 ኬልቪን ቢገባና ጋዙ 2000 ኬልቪን ቢሆን፣ የጄቱ አየር በ2.5 እጥፍ ይከብዳል። በላብራቶሪ ሁለቱንም አየር በአንድ ሙቀት አድርጎ፣ ጄቱን በ4 እጥፍ ፍጥነት የሚሞክር ሰው የሚያገኘው ጄ 16 ነው። በሞተሩ ውስጥ በዚያው የፍጥነት ንጽጽር ጄ 40 ይሆናል። የላብራቶሪው ጄት ከእውነተኛው ያነሰ ይዘልቃል ማለት ነው።

መልስ 5 ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የምንጠራቸው። በቀመሩ አልገቡም። በእጃቸው ስላለፉት ላይነሮች ጻፉ። ከየማብረጃ ቀዳዳው ጀርባ፣ በፍሰቱ አቅጣጫ፣ ሁልጊዜ የተለየ ቀለም ያለው ጭራ እንደሚያዩ ነገሩን። ስንጥቅም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቀዳዳው ጠርዝ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሚገባበት ጎን ለምን ይቃጠላል? ይህን ለአርባ ዓመት ያህል እንደጠየቁና የሚያጠግብ መልስ እንዳላገኙ ጻፉ።

መልስ 6 ለጋሼ ነው የጻፈው፣ በአክብሮት። እኔ ከክሩ ሁሉ በጣም የወደድኩት ይህን ነው። ጄት ሲገባ ለመጪው ጋዝ እንደ ምሰሶ ይቆምበታል። ጋዙ ከምሰሶው እግር ሥር ተጠቅልሎ እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት ይከበዋል። ጄቱ ራሱ ሲጎብጥ ደግሞ ጎኖቹ ይጠቀለሉና በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሽከረከሩ ሁለት አዙሪቶች ይሆናሉ። ጄቱን በቢላ ቆርጠን ፊት ለፊት ብናየው ኩላሊት ይመስላል። ትኩሱን ጋዝ እየሳቡ ወደ ጄቱ ሆድ የሚያስገቡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ድብልቁን በዋናነት የሚሠሩትም እነሱ ናቸው።

ከምሰሶው ጀርባ ግን ሌላ ነገር አለ። ቀጥ ብለው የሚቆሙ ትንንሽ አዙሪቶች ከግድግዳው እስከ ጄቱ ይዘረጋሉ። ድሮ ብዙ ሰው እነዚህ ከጄቱ የሚፈልቁ ይመስለው ነበር። ፍሪክና ሮሽኮ በ1994 ባወጡት ጥናት፣ በጭስ እያሳዩ፣ የሚነሡት ከግድግዳው ላይ ከሚሳበው ስስ የአየር ንብርብር እንደሆነ አረጋገጡ። ይህ ለጋሼ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ላይነሩን የሚጠብቀው በግድግዳው ላይ የተነጠፈ ስስ ቀዝቃዛ አየር ነው። ከቀዳዳው ጀርባ ያ ንጣፍ ይነሣል። ትኩስ ጋዝ በቦታው ይገባል። ጭራው የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው።

ጋሼ በመልስ 7 አንድ መስመር ብቻ ጻፉ። ምስጋናና ምርቃት ነበር።

መልስ 8 ከአንዲት እህት የመጣ ነው። ሙያዋ ሌላ እንደሆነ አስቀድማ ተናገረች። ነገሩ ከአብሲት ጋር አንድ እንደሆነ ገለጸች። ትኩሱን አብሲት ወደ ሊጡ ስንመልስ በአንድ ቦታ ከደፋነው እዚያው ይበስልና ይጓጉላል፤ ሌላው ሊጥ አያገኘውም። በዝግታ ጠርዝ ጠርዙን ብናንጠባጥብ ደግሞ መሐሉ አይነካም። ጥበቡ በስንት ቦታና በምን ያህል ማፍሰስ ላይ ነው። መሐንዲሶቹ ሳያውቁት አንድ ያጎደሉትን ነገር እሷ አነሣች። እስካሁን ሁላችንም ያወራነው ስለ አንድ ጄት ነበር።

መልስ 9 ከእሷ ንግግር ተነሥቶ ወደ ዋናው ነገር ገባ። ክሊቭላንድ በሚገኘው የናሳ ማዕከል፣ ያኔ ሉዊስ ይባል በነበረው፣ ጄምስ ሆልድማን ከባልደረቦቹ ጋር በተደረደሩ ጄቶች ላይ ለዓመታት ሠርቷል። ጠቅላላ ግኝቱን በ1993 አሳትሟል። ያገኘው ሕግ ቀላል ነው። በቀዳዳዎቹ መካከል ያለውን ርቀት ጋዙ ለሚያልፍበት ቦይ ቁመት አካፍል። በጄ ስኩዌር ሩት አባዛው። ጄቶቹ ከአንድ ግድግዳ ብቻ የሚገቡ ከሆነ ውጤቱ 2.5 አካባቢ ሲሆን ድብልቁ ጥሩ ነው። ከሁለቱም ግድግዳ ፊት ለፊት ከተያዩ 1.25። እየተፈራረቁ፣ አንዱ በሌላው ክፍተት ከገባ 5። ቁጥሩ ከዚህ በእጥፍ ከበለጠ ጄቶቹ ከሚገባው በላይ ይዘልቃሉ። ከግማሽ በታች ከወረደ ግድግዳው ላይ ይቀራሉ።

ክብ ለሆነ ማቃጠያም ሒሳቡን ሠራልኝ። የጄን እጥፍ ስኩዌር ሩት ወስደህ በፓይ አባዛው፣ ከዚያ ለ2.5 አካፍለው። ጄ 25 ቢሆን 8.9 ይመጣል። ማለትም 9 ቀዳዳ። የክቡ ስፋት ምንም ይሁን ምን 9 ነው። ያው የአየር መጠን በ18 ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቢገባ ግድግዳው ይቀዘቅዛል፣ መሐሉ ይነዳል። በ4 ትልልቅ ቀዳዳዎች ቢገባ መሐሉ ይቀዘቅዛል፣ ግድግዳው ይግላል። ጠልቆ መግባትና መደባለቅ አንድ አይደሉም። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ ነበር የመጣሁት። ይህን እዚህ ስጽፍ ደስ እያለኝ ነው፤ ዓመታት የቆየ ጥያቄ በአንድ ማታ ሲፈታ ደስ ይላል።

መልስ 10 ከጀርመን ነው። እዚህ ላይ ነው ድምፁ የተቀየረው። ጸሐፊው በኮምፒውተር ፍሰት የሚያሰላ ሰው ነው። በሠላሳና በአርባ ዓመት ቀመር መጨቃጨቃችን እንዳሳዘነው ጻፈ። ዛሬ ሙሉው ማቃጠያ ከነቀዳዳው በኮምፒውተር እንደሚሰላ፣ የጣት ሒሳብ ጊዜው እንዳለፈ ተናገረ።

መልስ 11 ዝም አላለውም። በተለመደው ኬ ኢፕሲሎን በሚባለው የቱርቡለንስ፣ ማለትም የተናወጠ ፍሰት፣ ሞዴል ያሰላ ሰው ጄት ላይ ሁልጊዜ እንደሚቸገር አስታወሰው። ሞዴሉ ድብልቁን ከእውነተኛው አሳንሶ ያሳያል። ብዙዎች ከሙከራ ጋር እንዲገጥምላቸው በሞዴሉ ውስጥ የመደባለቁን መጠን የሚወስነውን የሽሚት ቁጥርን በእጅ እየቀነሱ ያስተካክሉታል። መልሱን አስቀድሞ አውቆ ቁጥሩን መጎተት ስሌት እንዳልሆነ በጠንካራ ቃል ጻፈ። መልስ 12 ላይ የጀርመኑ ሰው ተቆጣ። እሱ የሚጠቀመው ትልልቆቹን አዙሪቶች በቀጥታ የሚያሰላውን ዘዴ እንደሆነና ያ ችግር እንደማይነካው መለሰ። መልስ 13 ያንኑ ስሌት ለማስኬድ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቀው። በመጀመሪያው ቀን ስንት ቀዳዳ ስሎ እንደሚጀምርም ጠየቀው። መልስ አልመጣም። በእኔ እምነት ሁለቱም ትክክል ናቸው። የመጀመሪያውን ሥዕል የሆልድማን ሕግ ይሰጣል፣ የመጨረሻውን ኮምፒውተሩና ሙከራው። ግን ሰው በሰው ሙያ ላይ እንዲህ መነጋገሩ አልተመቸኝም። ጋሼ ገብተው ሁለቱንም በስማቸው ጠርተው ባያረጋጉ ኖሮ ክሩ እዚያው ይበጠስ ነበር።

መልስ 14 ከርእሱ ወጣ። ጄት የሚለውን ቃል በአማርኛ ምን እንበለው የሚል ነው። የአየር ፍላጻ የሚል ሐሳብ አቀረበ። መልስ 15 በዚህ ተበሳጨ። መካኒክ ሥራ ላይ እያለ ማንም ፍላጻ አምጣ እንደማይለው ጻፈ። ስድስት ሰባት ሰው ተቀባበለው። እኔ ጄትን እንደ ጄት ብተወው እመርጣለሁ፤ ሁላችንም ስለምናውቀው። አዙሪት ግን የራሳችን ቃል ነው። ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እሱን በባዕድ ቃል የምንተካበት ምክንያት አይታየኝም።

ወደ ጉዳዩ የመለሰን መልስ 22 ነው። ይኸው ጄት በሌላ ቦታ ተቃራኒውን እንዲሠራ እንደሚፈለግ አሳሰበ። የተርባይን ብሌድ፣ ማለትም የሚሽከረከረው ክንፍ፣ ላይ ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አየር የሚያወጡት ጋዙ ውስጥ እንዲዘልቅ ሳይሆን ብረቱ ላይ እንዲተኛ ነው። ጄው ከፍ ካለ አየሩ ከብረቱ ይነሣል፣ ትኩሱ ጋዝ ከሥሩ ይገባል፣ ቅዝቃዜው ከንቱ ይሆናል። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ጎልድስታይንና ኤከርት በ1974 ከባልደረባቸው ጋር እንዳሳዩት፣ የቀዳዳውን አፍ እንደ ማራገቢያ ከፈት ሲያደርጉት አየሩ ይረጋጋል፣ ይዘረጋል፣ ብረቱንም ይለብሳል። ማብረጃ ቀዳዳ ላይ እርግማን የሆነው ነገር እዚያ በረከት ነው።

መልስ 23 በቦይንግ 787 ላይ ያለውን የጂኢኤንኤክስ ሞተር አነሣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመጀመሪያውን 787 ሲረከብ ይህ ሞተር ነበረው። ማቃጠያው ታፕስ ይባላል። ማብረጃ ቀዳዳ የለውም። አብዛኛው አየር ፊት ለፊት አየሩን በሚያሽከረክሩት ክንፎች በኩል ገብቶ፣ እሳቱ ከመጀመሪያውም በብዙ አየር ይነዳል። ስለዚህ ጥያቄያችን ሊያረጅ ነው የሚል ነገር ጻፈ።

መልስ 24 ወዲያው አረመው። በታፕስ ዋናው ነዳጅ ራሱ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ከጎን ወደሚሽከረከረው አየር ይወረወራል። ጄቱ ነዳጅ ሆነ እንጂ ጥያቄው ያው ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ታሎን የሚባለው የፕራት ኤንድ ዊትኒ ማቃጠያ አለ። እዚያ እሳቱ መጀመሪያ ነዳጅ በዝቶበት ይነዳል። ከዚያ የአየር ጄቶች በቅጽበት ያሳሱታል። አንድ አደገኛ ነጥብ አለ። ነዳጁና አየሩ በትክክል የሚመጣጠኑበት ቦታ ላይ ሙቀቱ ከፍተኛ ነው፤ ናይትሮጅን ኦክሳይድም እዚያ ይፈላል። ከብዙ ነዳጅ ወደ ብዙ አየር የሚሄድ ጋዝ በዚያ ነጥብ ማለፉ አይቀርም። ጄቱ በፍጥነት ከደባለቀ ቶሎ ይሻገረዋል። ከዘገየ የአየር ብክለቱ እዚያ ይወለዳል። ለእነዚህ ሞተሮች የቀዳዳው ጉዳይ የቫን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን በአየር ማረፊያው ዙሪያ የሚኖረው ሰው የሚተነፍሰው አየርም ነው።

መልስ 25 እኔን ነው የገሠጸኝ። ትንሽ ሻካራ ነበር፤ ግን እውነቱን ነው። ሁለት ቫን ብቻ ተበልቶ ሳይ ለምን ወደ ቀዳዳዎቹ ሮጥኩ? ቀዳዳዎቹ በፋብሪካ ተቆጥረው፣ ተለክተው የተበሱ ናቸው። በራሳቸው አይለወጡም። የሚለወጠው የነዳጅ ኖዝል፣ ማለትም ነዳጁን የሚረጨው አፍ፣ ነው። ካርቦን ሲጋገርበት መርጨቱ ይዛባል፣ በአንድ ወገን ነዳጅ ይበዛል፣ የጋለ ጅረትም ከዚያ ይነሣል። ማብረጃው ቀዳዳ የታሰበው ለእኩል እሳት ነው። መካኒክ ሆኜ ከኖዝሉ በፊት ቀዳዳውን መጠርጠሬን ነቀፈ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ የዚያን ሞተር መዝገብ ፈለግሁ። የነዳጅ ኖዝሎቹ ወልቀው ለመርጨት ፍተሻ ሄደው ነበር። አንደኛው አላለፈም። ቦታውን ከቫኖቹ ጋር ሳመሳክረው ትክክል ከተበሉት ሁለቱ ፊት ነበር። መዝገቡ ያኔም እዚያው ነበር፤ የእኔ ዓይን ግን ብረቱ ላይ ቀርቶ ነበር። ይህን በመልስ 26 ጻፍኩና 25ኛውን ሰው አመሰገንኩ። እሱም በቀጣዩ መልስ ቃሉ ስለበዛ ይቅርታ ጠየቀኝ።

መልስ 28 የጋሼ ነው። አንድ ሥራ ሰጡኝ። የወለቀ ላይነር ሳገኝ በየኖዝሉ ትይዩ ስንት ማብረጃ ቀዳዳ እንዳለ፣ በሁለት ኖዝሎች መካከልስ ስንት እንዳለ እንድቆጥር። ሁሉም እኩል ስፋት እንዳላቸውም እንዳይ።

በሳምንቱ አንድ ላይነር ጠረጴዛ ላይ አገኘሁ። በካሊፐር ለካሁ። በየኖዝሉ ትይዩ አንድ ሰፊ ቀዳዳ አለ። በሁለቱ ኖዝሎች መካከል ደግሞ አንድ ጠበብ ያለ። እሳቱ በሚበረታበት መስመር ወፍራም ጄት፣ በሚያንስበት ቀጭን ጄት። ያን ሰፊ ቀዳዳ እኔ እንዳሰብኩት ከፋፍለው በጥቃቅን ቀዳዳዎች ቢተኩት አየሩ ግድግዳው ላይ ተኝቶ ቫኖቹ ሁሉ በተበሉ ነበር።

ፎቶውን በመልስ 29 ላይ አያይዤዋለሁ። ከሰፊዎቹ ቀዳዳዎች ጀርባ ጋሼ ያሉት ጭራ በግልጽ ይታያል።